የጠፈር ጭራቅ ከምናለሽ ተራ

የአማርኛ ፊልም ከሳሎንና ከካፌ ለምን አይወጣም ሲባል መልሱ ሁሌም ገንዘብ የለም ነው። የጠፈርና የጭራቅ ፊልም ሲነሣማ ጭራሽ የሚታሰብ አይመስልም። ገንዘብ ማነሱን አልክድም። ከገንዘቡ በላይ የጎዳን ግን ፊልም ሠሪዎቻችን የመርካቶን ባለእጆች አለማወቃቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ጄምስ ካሜሮን እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣውን «ኤሊየንስ» እንውሰድ። ሪድሊ ስኮት በ1979 ለሠራው «ኤሊየን» ተከታይ ሲሆን፣ ሪፕሊ የተባለች ሴት ወላጆቿን ያጣች አንዲት ሕፃን ለማዳን ከጠፈር አውሬዎች ጋር የምትተናነቅበት ፊልም ነው። በልዩ የምስል ውጤቶቹ ኦስካር ተሸልሟል፤ ነገር ግን የዚያ አስፈሪ ዓለም ከፊሉ የቆመው በአሮጌ ዕቃ ነው። የጠፈሩ ፋብሪካ ለንደን ውስጥ ሥራ ያቆመ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበር። የወታደሮቹ ብረት ለበስ መኪና አውሮፕላን ይጎትት የነበረ ትራክተር ነው፤ ገላውን ቀይረው ቀለም ቀቡት። በመንጋ የሚመጡ የሚመስሉት አውሬዎች የተሰፋላቸው ልብስ ስድስት ያህል ብቻ ሲሆን፣ ብዙ ያስመሰላቸው ጨለማው፣ ጭሱና የምስሉ አቆራረጥ ነው። ከ4 ሜትር በላይ የምትረዝመው ንግሥቲቱስ? ሆዷ ውስጥ ሁለት ሰዎች ገብተው እጆቿን ያንቀሳቅሳሉ፣ ክሬን ከላይ ይይዛታል፣ ሌሎች ደግሞ ከውጭ ሆነው ራሷንና መንጋጋዋን ያዟዙራሉ። ሐሳቡ ያዋጣ እንደሆነ መጀመሪያ የተፈተነው በጥቁር የቆሻሻ ላስቲክ በተሸፈነ አጽም ነበር።

ይህን የሚያነብ የመርካቶ ሰው ወዲያው ምናለሽ ተራን ያስባል። ቁራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው ብረት፣ በርሜልና ጎማ የሚራገፈው እዚያ ነው። በርሜሉ በመሮ ይሰነጠቃል፤ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ይዘረጋል፤ ከዚያም ምድጃ ወይም ሳጥን ሆኖ ይወጣል። የመኪና ባሌስትራ ቢላዋና መጥረቢያ፣ ያለቀ ጎማ በረባሶ ይሆናል። ባለሙያው ንድፍ በወረቀት ላይ አይፈልግም፤ የሚፈለገውን ነገር አይቶ ወይም ሰምቶ፣ በእጁ ያለው ቁራጭ ምን ሊሆን እንደሚችል ይገምታል። የካሜሮን ሠራተኞች በትራክተሩ ላይ ያደረጉትም ከዚህ የተለየ አልነበረም።

«ኤሊየንስ» የወጣበት 18 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከየት ይመጣል የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኛ ያንን ገንዘብ አናገኝም። ነገር ግን «ክራምብስ» የተባለውን እ.ኤ.አ. የ2015 ፊልም ያየ ሰው ያን ያህል እንደማያስፈልግ ይረዳል። ኢትዮጵያ ውስጥ በአማርኛ የተሠራ ነው፤ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ይተውኑበታል። ዓለም ከጠፋች በኋላ ውዳቂ እየለቀመ የሚኖር ሰው፣ ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ የዛገ የጠፈር መርከብ፣ የዳሎል ምድር፣ እንደ ውድ ቅርስ የሚታይ የማይክል ጃክሰን ሸክላ፤ በጥቂት ገንዘብ የተሠራ 68 ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ፊልም ዓለም አቀፍ ፌስቲቫሎችን ዞረ። የሚቆጨኝ ዳይሬክተሩ ሚጌል ያንሶ ስፔናዊ መሆኑ ነው። ሰውየውን አመሰግናለሁ፤ በዓይናችን ሥር የነበረውን ሀብት ግን ቀድሞን አየው።

የእኛ ተመልካች የሚወደው የፍቅር ኮሜዲ ነው፣ ጭራቅ ከባህላችን አይደለም የሚለው ክርክር ደግሞ ከሁሉም የደከመ ነው። ጭራቅ መጣብህ እየተባለ ያላደገ ማን አለ? ሕፃን ለማዳን አውሬ የምትጋፈጥ ሴት ታሪክ ለኢትዮጵያ ተመልካች ማብራሪያ አያሻውም። ኮምፒውተር ሁሉንም ይሠራዋል ለሚሉም፣ «ኤሊየንስ» ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎት ዛሬም የሚያስደነግጠው አውሬዋ ተዋናይቷ ፊት በአካል ስለቆመች ነው እላለሁ። በርካሽ የተሠራ የኮምፒውተር ምስል ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይሰለቻል።

ስለዚህ ፕሮዲዩሰሮች፣ የሚቀጥለውን ፊልም ለመቅረጽ ቪላ ከመከራየታችሁ በፊት ሐሳባችሁን ይዛችሁ ምናለሽ ተራ ውረዱ። ባለሙያውን አማክሩት፤ ዋጋውን ሳትከራከሩ ክፈሉት፤ ስሙንም ፊልሙ ሲያልቅ ከተዋንያኑ ጋር ጻፉት።