የወዳጅ ስም ይዞ የሚመጣ ሌባ

ባለፈው ሳምንት በስልክ መልእክት እንዴት እንደሚጻፍ ተለማምደናል። ዛሬ ስለ ስልክና ስለ ጓደኝነት እንነጋገራለን።

ድሮ ደብዳቤ ሲመጣ ማንበብ የማይችል ሰው ወደ ጎረቤት ይሄድ ነበር። ፊደል የቆጠረ ልጅ ያነብለታል። የቤቱ ጉዳይ ሁሉ በልጁ ጆሮ ያልፋል። ልጁ ታማኝ ከሆነ ምስጢሩ እዚያው ይቀራል። ታማኝ ካልሆነ ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና መንደሩ ሁሉ ይሰማዋል። እናንተ ግን ዛሬ ደብዳቤያችሁን ራሳችሁ ታነባላችሁ። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የዛሬው ደብዳቤ የሚመጣው በስልክ ነው። ከደብዳቤው ጋር አዲስ ዓይነት ሌባም መጥቷል። ይህ ሌባ አጥር አይዘልም። በር አይሰብርም። የጓደኛችሁን ስም ይዞ ይመጣል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንዲት በርበሬ ነጋዴ አለች እንበል። አንድ ቀን ማታ በቴሌግራም መልእክት ይደርሳታል። ላኪዋ የልጅነት ጓደኛዋ ናት። ስሟ አለ። ፎቶግራፏም አለ። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦

«እህቴ፣ እንዴት ነሽ? ቴሌግራሜ አልከፈት ብሎኝ ባንቺ ቁጥር ሞከርኩ። አሁን አምስት አሃዝ ይመጣልሻል። ቶሎ በይና ላኪልኝ።»

ነጋዴዋ «ምን ችግር አለው? ጓደኛዬ አይደለችም እንዴ!» ትላለች። ቁጥሩ ሲመጣ ጽፋ ትልካለች። ጥቂት ቆይቶ በእሷ ስም መልእክት መበተን ይጀምራል። ለወንድሟ፣ ለደንበኞቿ፣ ለእቁብ ጓደኞቿ ይደርሳል። «ቸግሮኝ ነው፤ 5,000 ብር በዚህ ቁጥር ላኩልኝ፤ ነገ እመልሳለሁ» ይላል። የሚያውቋት ሰዎች ያዝናሉ። አንዱም «እሷማ ክፉ ቀን ደርሳልኛለች» ብሎ ይልካል። ብሩ የገባው ግን ማንም በማያውቀው ሰው ሂሳብ ነው።

ምን ተፈጠረ? ቴሌግራም በሌላ ስልክ ሲከፈት ባለቤቱን ለመለየት ቁጥር ይልካል። ያ ቁጥር የቤት ቁልፍ ማለት ነው። ቁልፉን የያዘ ይገባል። ከቁጥሩ ጋር «ለማንም አትስጡ» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ ሰው አያስተውለውም።

ያቺ የልጅነት ጓደኛስ? እሷ ምንም አልጻፈችም። የእሷም ቁልፍ ቀደም ብሎ ተሰርቋል። ሌባው በአንዷ ቤት ገብቶ የሌላዋን በር አንኳኳ።

በማግስቱ ጠብ ይነሳል። «አንቺ ነሽ ያስበላሽኝ!» ትላለች አንዷ። «እኔ ምንም አልላክሁም! እንዴት ሌባ ትይኛለሽ?» ትላለች ሌላዋ። ገንዘብ ላኪውም ነጋዴዋን ይቀየማታል። ብር ተሠርቶ ይተካል። የሃያ ዓመት ጓደኝነት ግን በአንድ ማታ ይፈርሳል። ሌባው ሳይታወቅ ይቀራል፤ ከዳተኛ የተባሉት ግን ሁለቱ የተጎዱ ሰዎች ናቸው።

«እውነተኛ ጓደኛስ አይከዳም ወይ?» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ይከዳል። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በስልክ ገንዘብ መላክ የተለመደ ሆኗል። ማንበብ የሚያስቸግረው ሰው ስልኩንና የምስጢር ቁጥሩን ለወዳጁ ይሰጣል። «አንተ ላክልኝ፤ እኔ አላውቅበትም» ይላል። ወዳጁም አንድ ቀን ሲቸግረው 200 ብር ለራሱ ያዞራል። «በኋላ እመልሳለሁ» ይላል። አይመልስም። «ወዳጅህ ማር ቢሆን ጨርሰህ አትላሰው» የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

ሌላም አለ። አንዱ ለጓደኛው የልቡን ይጽፋል። ስለ ትዳሩ፣ ስለ ዕዳው፣ ስለ ሕመሙ ያወራዋል። ጓደኛውም ጽሑፉን እንዳለ ለሌሎች ያስተላልፈዋል። ድሮ ሐሜት ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ «አላልኩም» ማለት ይቻል ነበር። ዛሬ የገዛ ጽሑፋችሁ ነው በመቶ ሰው ስልክ ላይ የሚታየው። ከራሳችሁ ስልክ ብታጠፉትም ከሌላው ስልክ ሁሉ አይጠፋም።

ታዲያ ምን ይሻላል? አንዳንድ ሰው «ሰው ማመን ቀብሮ ነው» ይላል። ይህ ተረት በተከዳ ሰው አፍ ያምራል። ግን ማንንም ሳያምን የሚኖር ሰው ማን ይቀብረዋል? ማን ያበድረዋል? ሲታመም ማን ውሃ ያቀብለዋል? ሰው ያለ ሰው አይኖርም።

በማስተምርበት ክፍል አንድ አባት ይህንኑ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ጓደኛዬ ብር ቸገረኝ ሲለኝ ደውዬ ባጣራ አይቀየመኝም ወይ? እንደ ጠረጠርኩት አይቆጥረውም?»

«አባባ፣ እርስዎ እቁብ አለዎት?» አልኳቸው።

«አለኝ እንጂ!»

«እቁቡ ሲደርስዎት ገንዘቡን እንዴት ይወስዳሉ?»

«ዋስ ጠርቼ ነዋ!»

«ዋስ አምጣ ሲሉዎት ይቀየማሉ?»

አባባ ሳቁ። «ምን ያስቀይመኛል? ሥርዓቱ ነው። ዳኛውም ራሱ ሲደርሰው ዋስ ይጠራል» አሉ።

መልሱ ይኸው ነው። እቁብ የሚቆመው በመተማመን ነው። ሆኖም ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ አለው። ዋስ መጠየቅ መጠርጠር አይደለም። የእናንተንም የጓደኛችሁንም ስም ይጠብቃል። በስልክ ለሚመጣ ጥያቄም ዋስ እንጠይቅ። ከዛሬ ጀምሮ ከጓደኞቻችሁ ጋር ይህን ተስማሙ፦

1. በጽሑፍ ብር ከተጠየቃችሁ ከመላካችሁ በፊት በምታውቁት የስልክ ቁጥር ደውሉ። የተቀረጸ ድምፅ ብቻ አይበቃም። ዛሬ በኮምፒዩተር የሰውን ድምፅ አስመስሎ መሥራት ይቻላል። ሁለታችሁ ብቻ የምታውቁትን ነገር ጠይቁ።

2. በስልካችሁ የሚመጣን የመክፈቻ ቁጥር ለማንም አትስጡ። ለወንድምም፣ ለልጅም፣ «ከባንክ ነው የምደውለው» ለሚልም አትስጡ።

3. የቴሌብርና የባንክ ምስጢር ቁጥራችሁን ራሳችሁ ንኩ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ልጃችሁ አጠገባችሁ ሆኖ ያሳያችሁ። ስልኩ ግን ከእጃችሁ አይውጣ።

4. በቴሌግራም ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል አስገቡ። ያን ጊዜ ሌባው ቁጥሩን ቢያገኝ እንኳ ሁለተኛው በር ተዘግቶ ይጠብቀዋል።

5. ከተሰረቃችሁ ቶሎ በሉ። በቴሌግራም «ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍታችሁ የማታውቁትን ስልክ አስወጡ። አዲስ የገባ ስልክ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የእናንተን ስልክ ማስወጣት አይችልም። ስለዚህ የቀደመ ያሸንፋል። ለወዳጆቻችሁም ሁሉ ደውላችሁ «የተጻፈው ከእኔ አይደለም» በሉ። አትፈሩ፤ ዝም ካላችሁ ሌላ ሰው ይበላል።

6. ጓደኛ በምስጢር የጻፈላችሁን ሳታስፈቅዱት ለሌላ አታስተላልፉ።

ሕግም አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ፈቃድ በሰው ኮምፒዩተር መግባትንና በዚያ መንገድ ማጭበርበርን ይቀጣል። ስለዚህ መልእክቱን አታጥፉት። ብሩ የተላከበትን ቁጥርና ደረሰኝ ይዛችሁ ወደ ፖሊስ ሂዱ። ለባንኩም ወዲያው አሳውቁ።

ከጓደኛችሁ ጋር በዚህ ምክንያት ተቀያይማችሁ እንደሆነ ደግሞ ይህን ጽሑፍ አብራችሁ አንብቡት። «አንቺ ነሽ» ከማለት በፊት «በእውነት አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ለውይይት፦

ሀ. የመክፈቻ ቁጥር ከቤት ቁልፍ ጋር የተመሳሰለው ለምንድን ነው?

ለ. የነጋዴዋ ጓደኛ ከዳተኛ ናት ትላላችሁ? ለምን?

ሐ. ብር የጠየቃችሁ በእርግጥ ጓደኛችሁ መሆኑን የምታውቁበትን አንድ ጥያቄ አስቡ። ለሰው አትንገሩ፤ በወረቀትም አትጻፉት።