አሠልጣኝ የሚመዘነው በሚተካው ሰው ነው

ጨዋታ ባለቀ ጊዜ ተመልካቹ በትከሻው ተሸክሞ የሚጨፍረው ኳሱን ወደ ቅርጫቱ ያገባውን ልጅ ነው፤ ዳር ቆሞ ሲመክር፣ ሲቆጣና ሲያዘጋጅ የከረመውን አሠልጣኝ የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። ዓይን ፍሬውን እንጂ ሥሩን አያይምና ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። ሆኖም በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ስለ አንድ አሠልጣኝ ለመጻፍ ተነሥቻለሁ፤ የዚህ ሰው ሥራ ለስፖርት ወዳጆች ብቻ ሳይሆን ለመምህራን፣ ለወላጆችና ነገ ኀላፊነት ለምንረከብ ተማሪዎች ሁሉ ትምህርት ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ሰውየው በአሜሪካ የቦስተን ሴልቲክስ የቅርጫት ኳስ ቡድን አሠልጣኝ የነበረው አርኖልድ አወርባክ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አወርባክ በ1917 በኒው ዮርክ ከተማ ብሩክሊን በሚባለው ሰፈር ተወለደ። አባቱ ከሚንስክ ተሰድደው የመጡ አይሁዳዊ ሲሆኑ የላውንደሪ ሱቅ ነበራቸው። ጠጕሩ ቀይ ስለ ነበረ «ሬድ»፣ ማለት «ቀዩ» የሚል ስም ወጣለት። በዋሽንግተን ከተማ በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሲማር ፈጣን ማጥቃት የሚባለውን አጨዋወት ከአሠልጣኙ ከቢል ራይንሃርት ቀሰመ፤ ይኸውም ተቃራኒው ቡድን ተሰናድቶ ሳይቆም ኳሱን ይዞ በሩጫ መቅደም ነው። ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ በዚያው ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያስተማረ ያሠለጥን ነበር። እንግዲህ ኋላ ስሙ የገነነው ይህ ሰው ሥራውን የጀመረው እንደኛ ባሉ ተማሪዎች መካከል ነው።

በባሕር ኀይል ካገለገለ በኋላ በ1946 የባለሙያ ተጫዋቾች አሠልጣኝ ሆነ፤ በ1950 ወደ ቦስተን ተጠራ። ሴልቲክስ በዚያ ጊዜ ከ68 ጨዋታዎች 22ቱን ብቻ አሸንፎ በምድቡ መጨረሻ የወጣ ቡድን ነበር። አወርባክም ሥራውን የጀመረው ሰው በመምረጥ ነው፤ በምርጫው ግን ሁልጊዜ አልተሳካለትም። ቦብ ኩዚ የሚባለውን የአካባቢውን ዝነኛ ተጫዋች አልፈልግም ብሎ አልፎት ነበር። በኋላ አንድ ሌላ ቡድን ሲፈርስ የሦስት ተጫዋቾች ስም በባርኔጣ ውስጥ ተጥሎ ዕጣ ቢወጣ፣ ለቦስተን የደረሰው ያው የተናቀው ኩዚ ሆነ። ኩዚም ኳስ በማቀበል ለስምንት ተከታታይ ዓመታት የሊጉ አንደኛ ሆኖ ተገኘ። አወርባክ የሚመሰገነው የቀድሞ ፍርዱን ይዞ አለመድረቁ ነው፤ ልጁ ሥራውን ባሳየ ጊዜ ቡድኑን በእርሱ እጅ ሠራው።

በ1956 ደግሞ የቢል ራስልን የመመረጥ መብት ከሴንት ሉዊስ ቡድን ለማግኘት ኤድ ማኮሊንና ክሊፍ ሄገንን፣ ሁለት ጥሩ ተጫዋቾች ሰጠ። ራስል ብዙ ነጥብ የሚያስቆጥር አልነበረም፤ ዋና ችሎታው መከላከል ነበር። የተቃራኒን ኳስ ሲያግድ ወደ ውጭ ከመምታት ይልቅ ለጓደኛው እንዲደርስ አድርጎ ይመልሰው ነበር። አወርባክ ስለ ነጥብ እንዳይጨነቅና በደመወዝ ንግግራቸውም የነጥብ ብዛት ከቶ እንደማይነሣ ቃል ገባለት። የዚህ አሠልጣኝ ጥበብ ሁሉ እዚህ ላይ ይታያል። ለእያንዳንዱ ሰው የሚስማማውን ሥራ ሰጠ፤ ሥራውንም በሚገባው ሚዛን መዘነለት። ጆን ሃቭሊቼክን የመሰለ፣ ከአምስቱ ጀማሪዎች አንዱ ለመሆን የሚበቃ ልጅ ወንበር ላይ ቆይቶ ሌሎቹ ሲደክሙ ስድስተኛ ሆኖ ይገባ ነበር፤ ይህም እንደ ክብር እንጂ እንደ ውርደት አልተቈጠረም። በእነዚያ ዓመታት የሊጉ ከፍተኛ ነጥብ አስቆጣሪ አንድ ጊዜም ከሴልቲክስ አልወጣም። ቡድኑ ግን በ1957፣ ከዚያም ከ1959 እስከ 1966 በተከታታይ፣ በጠቅላላው ዘጠኝ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን የአገራችንን ተረት ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

ሰውን በችሎታው ብቻ መመዘን በዚያ ዘመን በአሜሪካ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ጥቁር ዜጎች በብዙ ቦታ ሆቴልና ምግብ ቤት እንኳ ይከለከሉ ነበር። አወርባክ ግን በታኅሣሥ 1964 አምስት ጥቁር ተጫዋቾችን በአንድነት አሰልፎ ጨዋታ አስጀመረ፤ በሊጉ ታሪክ ይህ የመጀመሪያው ነው። በ1966 ከአሠልጣኝነቱ ሲለቅም ወንበሩን ለራስል ሰጠ። ራስልም የሊጉ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሠልጣኝ ሆነ።

የእኔ አሳብ የሚያርፈውም እዚህ ላይ ነው። አንዳንዶች «እንደ ራስል ያለ ተጫዋች ያለው ማንም አሠልጣኝ ያሸንፋል» ይላሉ። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ የአወርባክ ሥራ እርሱ ወንበሩን በለቀቀበት ቀን ባበቃ ነበር። ራስል እየተጫወተ እያሠለጠነ በ1968ና በ1969 ሻምፒዮን ሆነ። ራስልም ከሄደ በኋላ በአወርባክ ሥር ተጫውቶ ያደገው ቶም ሃይንሶን በ1974ና በ1976፣ ሌላው ተማሪው ኬሲ ጆንስ በ1984ና በ1986 ያንኑ ቡድን እያሠለጠኑ ለዋንጫ አበቁት። ቢል ሻርማን ደግሞ በ1972 የሎስ አንጀለስን ቡድን ሻምፒዮን አደረገ። ተጫዋች የሚያፈራ አሠልጣኝ ብዙ ነው፤ አሠልጣኝ የሚያፈራ ግን ጥቂት ነው።

ጕድለት አልነበረበትም ማለቴ አይደለም። በዳኞች ላይ እየጮኸ ብዙ ጊዜ ተቀጥቷል፤ በ1957 የሴንት ሉዊስን ቡድን ባለቤት በቡጢ መትቷል፤ ድሉ የተረጋገጠ ሲመስለው ወንበሩ ላይ ሆኖ ሲጋራ እየለኮሰ የተሸነፉትን ያናድድ ነበር። ቤተ ሰቡ በዋሽንግተን ሲኖር እርሱ በቦስተን ሆቴል ውስጥ ብቻውን ይኖር ስለ ነበር፣ የዝናውን ዋጋ ሚስቱና ልጆቹም ከፍለዋል። ይህን እንድንከተል አልመክርም። ከሰው መልካሙን መርጦ መውሰድ የተማሪ ወግ ነው።

ይህን ሁሉ ወደ ራሳችን ስንመልሰው ምን እናያለን? የክፍል ቡድን ሲመረጥ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ስሙ የታወቀው ወይም ከመራጩ ጋር የሚውለው ልጅ ነው። የሚያስቆጥር ይጨበጨብለታል፤ አቀብሎ ያስቆጠረው ይረሳል። ከዚህ የባሰው ደግሞ የክበቦቻችን ነገር ነው። የቲያትር፣ የስፖርት ወይም የመጽሔት ክበብ አንድ ትጉህ ሊቀ መንበር ሲያገኝ ያብባል፤ ሊቀ መንበሩ ሥራውን ሁሉ በእጁ ጨብጦ ይቆይና በተመረቀ ጊዜ ክበቡም አብሮት ይፈርሳል። በሚቀጥለው ዓመት ታናናሾቻችን ሁሉን ነገር ከሀሁ ይጀምራሉ። እኔ ይህን ትጋት ብዬ አላመሰግነውም።

ስለዚህ የ12ኛ ክፍል ጓደኞቼ፣ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ አንድ ልማድ እንዲተከል አሳብ አቀርባለሁ። የቡድን አምበልና የክበብ ሊቀ መንበር ሁሉ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መጀመሪያ ሥልጣኑን ከበታቹ ላለ ተማሪ ያስረክብ፤ ራሱም እስኪመረቅ ድረስ አጠገቡ ሆኖ ያግዘው። አወርባክም ለራስል ወንበሩን ከሰጠው በኋላ የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ሲደግፈው ነበር። መምህራኖቻችንም ይህን ቢደግፉልን፣ ወላጆቻችንም «ስንት ነጥብ አስቆጠርህ?» ብለው ከመጠየቃቸው አስቀድመው «ለማን አቀበልህ?» ብለው ቢጠይቁን መልካም ነው።

አወርባክ በ2006 በ89 ዓመቱ ዐረፈ። እኛም ከዚህ ግቢ የምንወጣበት ቀን ደርሷል፤ ኳሱን ለሚቀበለን ሳናቀብል አንውጣ።