«ጌታ ይመራናል» ስንል

በዚህ ክረምት ዕረፍት ለወንጌል አገልግሎት ወደ ገጠር የሚወጡት ጓደኞቻችን ባለፈው ሳምንት ስለ ጉዞው ሲሰበሰቡ እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እኅታችን ተነሥታ «የመመለሻው የመኪና ኪራይ ተይዟል ወይ?» ብላ ጠየቀች። የተሰጣትም መልስ «እኅቴ፣ የላከን ጌታ ይመራናል» የሚል ነበር። አዳራሹ በሙሉ «አሜን!» አለ፤ ልጅቱም አፍራ ተቀመጠች። እኔም ከሌሎቹ ጋር «አሜን» ብያለሁ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ ያ አሜን ነው።

አንዳንድ አንባቢ ከወዲሁ «ይህ ሰው እምነት የጐደለው ነው» ሳይለኝ አልቀረም። እግዚአብሔር መንገደኛን እንደሚመራ አምናለሁ፤ ባላምን ኖሮ ሦስት ክረምት ሙሉ አብሬ ባልወጣሁ ነበር። የምቃወመው መታመኑን ሳይሆን የእግዚአብሔርን ስም የጠያቂ አፍ መዝጊያ ማድረጉን ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት የደረሰብንን ልንገራችሁ። ከጋሞ ተራሮች ሥር በቆላው በኩል ከአንድ መንደር ወደ ሌላው በእግር ስንሄድ ከአንድ ወንዝ ደረስን። ውሃው ቁርጭምጭሚት እንኳ አይሸፍንም፤ ሰማዩም ከራሳችን በላይ ጥርት ያለ ነበር። በማዶ የሚጠብቁን ሰዎች ስለ ነበሩ ጫማችንን አውልቀን ልንገባ ስንል ከብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ወደ እኛ መጥተው «ልጆቼ፣ ቁሙ፤ ደጋው ጠቁሯል» አሉን። መሪያችንም በትሕትና «አባባ፣ እኛ የጌታን ሥራ ይዘን ነው የምንሄደው፤ እሱ ያሻግረናል» አላቸው። ሽማግሌው ክርክር አልገጠሙም። ዱላቸውን መንገዱ ላይ አጋድመው ከፊታችን ተቀመጡ። እኛም ቆምን፤ እውነቱን ለመናገር ከእምነትም ከጥበብም የተነሣ አልነበረም፤ ሽበት ተራምዶ ማለፍ ስላሳፈረን ነው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደራሽ ውሃ ድንጋዩንና ግንዱን እያንከባለለ ወረደ። ድምፁ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። ሌሊቱን በሽማግሌው ቤት የበቆሎ ቂጣ በልተን አደርን፤ ወንዙንም በማግሥቱ እሳቸው ራሳቸው መርተው አሻገሩን።

ወደ ግቢያችን ተመልሰን የምስክርነት ምሽት ሲሆን መሪያችን «ጌታ ከጐርፍ አፍ አወጣን» ብሎ ተናገረ፤ እልልታም ቀለጠ። ስለ ሽማግሌው ግን አንድ ቃል አልተነሣም። እኔም ተነሥቼ አላረምሁም። ስማቸውን እንኳ ሳንጠይቅ መለየታችን ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ በዚያ ቀን እግዚአብሔር የመራን በማን አፍ ነበር? ልናስተምራቸው በሄድን ሰው አፍ አይደለምን?

እስቲ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን ገልጠን እንመልከት። ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ መርከቢቱ በማዕበል ተያዘች፤ በውስጧም 276 ነፍስ ነበረ። ከእነርሱ አንድ ሰው እንኳ እንደማይጠፋ የእግዚአብሔር መልአክ ለጳውሎስ ነገረው። ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ ከየት ይገኛል? ይሁን እንጂ መርከበኞቹ ታንኳ አውርደው ሊያመልጡ ሲሞክሩ ያው ጳውሎስ እነዚህ ሰዎች ካልቀሩ መዳን እንደማይቻል ለመቶ አለቃው አስጠነቀቀ። ተስፋውን በጆሮው የሰማ ሰው «መርከበኛ ምን ያደርግልናል» አላለም። እንዲያውም ብዙ ቀን ሳይበሉ ለሰነበቱት ሰዎች እህል እንዲቀምሱ መከራቸው። በምዕራፍ 16 ደግሞ የመቄዶንያውን ሰው በሌሊት ራእይ ያየው ጳውሎስ ብቻ ሲሆን፣ እግዚአብሔር ጠርቶናል ብለው የተረዱት ግን ጸሐፊው «እኛ» የሚላቸው ሁሉ ናቸው። ራእዩን ያየው አንድ ሰው ነው፤ ጉዞው ግን የሁሉም ነበር። በእኛ ዘንድ ግን «ተገልጦልኛል» ያለ ሰው የሌሎቹን አሳብ ሳይሰማ ሻንጣ ያስነሣል።

በዚያው ምዕራፍ ሐዋርያቱ በእስያ ቃሉን እንዳይናገሩ፣ ወደ ቢታንያም እንዳይገቡ ተከልክለዋል፤ የተዘጋ መንገድም ምሪት ሆኗል ማለት ነው። በአገራችንም ታሪክ ይህን የሚመስል አለ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ሰዎች ወደ ኦሮሞ ምድር ለመግባት አስበው ምጽዋ የደረሱት በ1866 ነው። በ1870 ምጽዋ ላይ ከባርነት የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1880ዎቹ ዓመታት አንድ ጊዜ በሱዳን በኩል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በታጁራ በኩል አድርጎ እስከ እንጦጦ ድረስ ሞክሮ ተመለሰ። ሁለት ጊዜ ከተመለሰ በኋላ ምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ተቀምጦ በአስቴር ጋኖ ረዳትነት ትርጉሙን ሠራ። አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ በ1893፣ መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በ1899 ታተመ። ወደ ወለጋ የገባው በ1904 ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ሕዝቡ በቋንቋው የሚያነበውን መጽሐፍ ይዞ ነበር። ከመመለሱ ይልቅ በግድ ልሂድ ቢል ኖሮ ይህ ሥራ ይኖር ነበር ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን ይህን በቀላሉ እንዳናወራው ያስፈልጋል፤ በሱዳኑ ጉዞ ከጓደኞቹ መካከል ሞቶ የቀረ አለና። «ሁሉም ለበጎ ነው» የሚለው ቃል እኛ በሰላም በተመለስነው አፍ ይጣፍጣል።

ሁሉ ነገር ካልተሟላ አልነሣም የሚል ሰው ከግቢው በር እንደማይወጣ አላጣሁትም። እንዲህ ያሉትንም ዐውቃቸዋለሁ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲዘጋጁ ተመርቀው ሄዱ። የምለምነው ጥቂት ነገር ነው። የምንሄድበት አገር ያሉት ምእመናን አስቀድሞ በደብዳቤም በስልክም ይጠየቁ፤ እነርሱ «አሁን አትምጡ» ካሉ መልሱ ከጸሎታችን መልስ ጋር ይቆጠር። የመመለሻው ገንዘብ በአንድ ሰው እጅ ተይዞ ለሌላ እንዳይነካ ይደረግ። አሳዳሪዎቻችን ድኾች መሆናቸውን አንርሳ፤ ባለቀብን ጊዜ የሚያበሉን ከልጆቻቸው አፍ ነጥቀው ነው። ምስክርነት ስንሰጥም ያዳነንን ስናመሰግን የተላከልንን ሰው አብረን እንጥቀስ።

ስብሰባው በሚመጣው ሳምንት ይቀጥላል ተብሏል። ያቺ እኅታችን ጥያቄዋን ደግማ ብታነሣ ከጐኗ እቆማለሁ። እርሷ ብትቀር እኔው እጠይቃለሁ፤ የመመለሻው ኪራይ ተይዟል ወይ?