መሶብ ስንት ኪሎ ነው?

ዛሬ ስለ ዕቃ መላኪያ ዋጋ ትንሽ ልናገር። ከሰቆጣ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ውጭ ዕቃ የሚልክ ሁሉ የሚጨቃጨቅበት ነገር ስለሆነ ነው።

አንዲት እናት ውጭ ላለች ልጃቸው መሶብ ሊልኩ ሄዱ። ሚዛን ላይ ሲወጣ 4 ኪሎ። ከዚያ ሠራተኛው ሜትር አውጥቶ ለካና የ36 ኪሎ ሂሳብ ጠየቃቸው። «ዓይኔ እያየ አራት አይደል እንዴ ያለው?» ቢሉ መልሱ «እማማ፣ ሲስተሙ ነው ያወጣው» ሆነ።

ሲስተሙ እንዴት እንዳወጣው ላስረዳ። (ሒሳብ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ይዘት መፈለግ ምን ይሠራልናል ትሉኝ አልነበር? ይኸው!) 60 በ60 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን 180,000 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። ፈጣን መልእክት አድራሾቹ በብዛት ለ5,000 ያካፍሉታል፤ 36 ይመጣል። በአየር ጭነት የተለመደው 6,000 ነው፤ 30 ይሆናል። ከዚያ ከሚዛኑና ከስሌቱ የበለጠውን ያስከፍላሉ። የዋግ ማር ስትልኩ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ 20 ሊትር ማር 28 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን የምትከፍሉት በሚዛኑ ነው።

እኔ ስሌቱን ሌብነት አልለውም። አውሮፕላን ውስጥ ካርቶኑ በያዘው ቦታ ሌላ ዕቃ አይገባበትም። የሚያናድደኝ ሰው ካርቶን ገዝቶ፣ አሽጎ፣ ተሰልፎ ከጨረሰ በኋላ መነገሩ ነው። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ እንዲለጥፍ ያዛል። «በኪሎ ይህን ያህል» ብሎ ለጥፎ፣ ኪሎው ራሱ በሜትር እንደሚለካ አለመጻፍ እኔ ዋጋ መለጠፍ አልለውም። አካፋዩ ቁጥር ግድግዳው ላይ፣ ርዝመቱ፣ ወርዱና ከፍታው ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ይሄ ምን ይከብዳል?

መናኸሪያ እኮ ሜትርም ሚዛንም የለም፤ ረዳቱ ካርቶኑን አየት አድርጎ ዋጋ ይቆርጣል። ግን እዚያ ትከራከረዋለህ፣ ይቀንስልሃል። ከሲስተም ጋር ማን ይከራከራል?

እስከዚያው ባዶ መሶብ አትላኩ። ለቦታው ከከፈላችሁ አይቀር፣ የሚላክበት አገር የሚፈቅደውን ጠይቃችሁ ሽሮውንም በርበሬውንም ነጠላውንም ክፍተቱ ውስጥ ጠቅጥቁት፤ ስሌቱ 36 ካለ ሚዛኑ 36 እስኪደርስ ዋጋው አይጨምርም። ከቤት ሳትወጡ ደግሞ በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩት። ከዚያ ካርቶን ከፍታ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ብትቀንሱ ብቻ የ7 ኪሎ ሂሳብ ይወርድላችኋል።