«በጋዝ ነው በመርፌ?» ጥያቄው ይህ አይደለም!



የልብ ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦች ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ «ዶክተር፣ የሚተኛው በጋዝ ነው በመርፌ?» አንዱ «ጋዝ የደከመ ልብ ያቆማል» ሲባል ሰምቷል። ሌላው «ጋዝ ልብን ይጠብቃል፣ በጋዝ ካልሆነ እንዳታሠሩ» ተብሏል። ሁለቱም ወሬ ቀጠሮ ያስቀራል። የተበላሸ ቫልቭ ግን ወሬ እስኪጣራ አይጠብቅም!

👉 «ልብ ያቆማል» ለሚሉት፦ እንደ አይሶፍሉሬንና ሴቮፍሉሬን ያሉ በትንፋሽ የሚሰጡ ማደንዘዣዎች የደም ግፊት ይቀንሳሉ፤ እውነት ነው። በደም ሥር የሚሰጠው ፕሮፖፎልም ይቀንሳል። ባለሙያው አጠገቡ ቆሞ መጠኑን የሚያስተካክለው ለዚህ ነው። ልብን ለሥራው የሚያቆመው ደግሞ ጋዙ ሳይሆን ሐኪሞቹ ሆን ብለው የሚሰጡት ፖታሲየም ያለበት ፈሳሽ ነው።

👉 «ሳንባው ካልተነፈሰ ጋዙ በምን ይገባል? ልጄ መሃል ላይ ቢነቃስ?» ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። የልብና ሳንባ ማሽኑ ደሙን ኦክስጅን በሚያገኝበት ክፍል ያሳልፋል። ጋዙም ከኦክስጅኑ ጋር ተቀላቅሎ እዚያው ወደ ደም ይገባል። ካልሆነም ማደንዘዣው በደም ሥር ይቀጥላል።

👉 «ጋዝ ካልሆነ» ለሚሉት፦ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው ማይሪያድ የተባለ ጥናት በ13 አገሮች የልብ ደም ሥር ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው 5,400 አዋቂዎችን አነጻጽሯል። በአንድ ዓመት ውስጥ የሞቱት በጋዝ ከተኙት 2.8 በመቶ፣ በደም ሥር ብቻ ከተኙት 3.0 በመቶ ናቸው። ይህ ልዩነት ነው አይባልም። ጥናቱ ሕፃናትን አላካተተም፤ ታዲያ በምን ማስረጃ ነው ወላጅ የሚያስፈራሩት?

ይልቅ እነዚህን አትርሱ፦

✅ «ማሽኑ ላይ ሳለ ማደንዘዣው እንዳይቋረጥ የሚከታተለው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

✅ ከቤተሰብ በማደንዘዣ ጊዜ ሰውነቱ ተገትሮ ኃይለኛ ትኩሳት የያዘው ወይም የሞተ ካለ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ችግሩ በዘር ይተላለፋል፤ ያኔ ጋዙ በእርግጥ መቅረት አለበት።

✅ ልጁ ጉንፋን ወይም ሳል ከያዘው፣ የሚወስደው መድኃኒት ካለ፣ በስህተት ከበላ አትደብቁ።

የመድኃኒቱን ምርጫ ለባለሙያው ተዉለት። የእናንተ ድርሻ እውነቱን መንገርና በቀጠሮው ቀን መገኘት ነው።

ቀጠሮ ለሚጠብቅ ቤተሰብ ሼር አድርጉለት። ጤና ይብዛላችሁ!