ስም የሌለው ጠርሙስ

በቤተ ሙከራ ስም ያልተጻፈበት ጠርሙስ አይነካም፤ አሴቶን በተከፈተበት ጠረጴዛ ላይ ክብሪት አይጫርም። ይህን ደንብ የሚጥስ ቢገኝ መምህሩ ሳይቈጡት እኛው ባልንጀሮቹ እንቈጣዋለን። ይሁን እንጂ ደንቡ ከቤተ ሙከራው ደጃፍ አልፎ ወደ መኖሪያ ቤት ካልገባ ጥቅሙ ምንድን ነው?

በብዙ ቤት ላምባው በውኃ ፕላስቲክ፥ የቀለም ማቅጠኛው ቲነር በለስላሳ ጠርሙስ ተቀድቶ ከወጥ ቤት ጥግ ይቀመጣል። ሕፃን የሚያውቀው ጠርሙሱን እንጂ በውስጡ ያለውን አይደለም፤ ውኃ መስሎት ይጠጣዋል። ያን ጊዜ ቤተ ሰቡ ተደናግጦ ወተት ይግተዋል፤ ጣት አግብቶም ያስመልሰዋል። ነገሩ የሚከፋው በዚህ ነው። ላምባና ቤንዚን ከሆድ ይልቅ የሚጐዱት ሳንባን ነው፤ ልጁ ሲያስመልስ ወደ ሳንባው ይገባሉ። ስለዚህ ሳያስመልሱት ከነጠርሙሱ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ይገባል።

የእሳቱም ነገር እንዲሁ ነው። ላምባ ተኑ በክብሪት የሚያያዘው 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሞቅ ነው፤ ትኩስ ፍም ላይ ሲፈስ ግን ይህን ሙቀት ወዲያው ያገኛል። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ እንኳ ተኑ ይቀጣጠላል። ይህ ተን ከአየር ስለሚከብድ በወለል ላይ እየተሳበ ራቅ ብሎ ወደ ተቀመጠው ምድጃ ይደርሳል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ኮቱን በቤንዚን የሚያጸዳ ተማሪ ይህን ያስብ። እሳቱ ከተነሣም ውኃ አይደፋበት፤ ቤንዚኑ በውኃው ላይ ተንሳፎ እሳቱን ያሰፋዋል። ትንሽ እሳት በአሸዋ ወይም በእርጥብ ብርድ ልብስ ይታፈናል፤ ከበረታ ግን ሰውን ይዞ መውጣት ነው።

እናቶቻችንን ለመውቀስ አልተነሣንም። የሚያስፈልጋቸው ነጋሪ ነው፤ ነጋሪም መሆን ያለበት የተማረው ነው። ስለዚህ በመጪው ዕረፍት እያንዳንዳችን ከቤታችን፥ ቀጥሎም ከጎረቤት እንጀምር። የመጠጥ ዕቃ ለመጠጥ ብቻ ይዋል። የላምባው ዕቃ ክዳኑ ይጥበቅ፤ ስሙ በጉልህ ይጻፍበት፤ ማንበብ ለማይችልም ቀይ ቀለም ይቀባ። ከእሳት ርቆ፥ ልጅ ከማይደርስበት ይቈለፍበት።

ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ከሰዓት በኋላና ትሕትና ያለው አንደበት ነው።