ስለ ሕፃናት አረማመድ

ባለፈው ሳምንት ስለ ሕፃናት ምግብ ጽፈን ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ስለ አረማመዳቸው ጥቂት ቃል እንናገራለን።

ሕፃን በእግሩ በቆመ ቀን «ወፌ ቆመች!» እያልን ደስ ይለናል፤ በማግሥቱ ግን ይቈሽሻል፥ ይወድቃል ብለን መልሰን እናዝለዋለን። ይልቁንም ሞግዚትና ሠራተኛ በማይታጣበት ቤት፥ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ስንኳ እንደ ብርሌ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይውላል። እኛም በገዛ ቤታችን ይህንኑ አድርገናል። የበኵር ልጃችን ሦስት ዓመት ሆኖት ለቅዳሴ ይዘነው ስንሄድ፥ ገና ከግቢው በር ሳንርቅ «እዘሉኝ» ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሰነፍ ነው ብለን ልንቈጣው ነበር፤ እግሩን ሥራ ያስፈታነው እኛው መሆናችንን ባሰብን ጊዜ ግን አፈርን።

አንቀልባን መንቀፋችን አይደለም፤ ልጅ የእናቱን ሙቀት የሚያገኝበት መልካም ነገር ነው። ነገር ግን የዓለም የጤና ድርጅት በ2011 ዓ. ም. ባወጣው መመሪያ፥ ሕፃን በጀርባ ታዝሎም ሆነ በጋሪ ታስሮ በአንድ ጊዜ ከ1 ሰዓት በላይ እንዳይቈይ፥ ዓመት ከሞላው በኋላም በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ይመክራል። ይህም ባንድ ጊዜ የሚፈጸም አይደለም፤ ዶሮ ሲያባርር፥ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ተደማምሮ ይሞላል። በቤት ውስጥና በንጹሕ መሬት ላይ ጫማውን ቢያወልቁለት ይሻላል፤ ጣቶቹ መሬቱን እየቈነጠጡ ሚዛን መጠበቅን ይለምዳሉ።

የጎረቤት ልጅ ቀድሞ ሄደ ብሎ መጨነቅ ከንቱ ነው። ይኸው ድርጅት በ1998 ዓ. ም. ባሳተመው የአምስት አገሮች ጥናት፥ ጤነኞቹ ሕፃናት ብቻቸውን መራመድ የጀመሩት ከ8 ወር ገደማ እስከ 18 ወር ገደማ ባለው ጊዜ ነው። ከዚህ አልፎ የዘገየውን ግን ለሐኪም ማሳየት ይገባል።

ለሞግዚቶች አጥብቀን የምንነግራቸው አንድ ነገር አለ። የደከመውን ልጅ ባንድ እጁ ይዞ ወደ ላይ መሳብ ክፉ ልማድ ነው። የሕፃን ክርን ጅማት ገና ስላልጠና አጥንቱ በቀላሉ ከስፍራው ይንሸራተታል፤ ልጁም ክንዱን አንጠልጥሎ አላንቀሳቅስም ይላል። ይህ በሆነ ጊዜ ወጌሻ ሳይነካካው ወደ ሐኪም ይወሰድ።

አብሮት የሚሄድ ሰው እርምጃውን በልጁ እርምጃ ልክ ያድርግ እንጂ አያጣድፈው። የኛ ልጅ አሁን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድረስ በእግሩ ይደርሳል፤ በየመንገዱ ጠጠር ሲለቅም ስለሚቈም ግን ከቤት የምንወጣበትን ሰዓት ማስቀደም ግድ ሆኖብናል።